ጃንጎ፣ ኦን ዲሊት እና ከኮዱ ጋር አብሮ የሚሄድ ዶክመንቴሽን

ጃንጎ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዌብሳይት ለመስራት የሚያገለግል ፍሬምወርክ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ መሠረት ነው። 2.0 የሚባለው ቨርዥኑ የወጣው በ2017 ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ብዙ ጀማሪዎች ተመሳሳይ ኤረር ይገጥማቸው ጀመር። አንድ ጀማሪ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ቱቶሪያል ይከፍታል። ኮዱን ፊደል ሳይስት ይገለብጣል። ሲያስኬደው ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ቀጥ ይላል። የሚወጣው መልእክት የግድ መሰጠት ያለበት አንድ አርጊውመንት (ለኮዱ የሚሰጥ መረጃ) እንደጎደለ ይናገራል፤ ስሙም ኦን ዲሊት ነው።

ልጁ ምንም አላጠፋም። ቱቶሪያሉም በተጻፈበት ጊዜ ልክ ነበር። ልዩነቱ የቨርዥን ብቻ ነው፤ ቱቶሪያሉ የተጻፈው ለ1.8 ሲሆን ልጁ የጫነው 2.0ን ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ሰነድ ከሶፍትዌሩ ጋር ሲጣላ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የምንጥለው በሰነፍ ጸሐፊ ላይ ነው። እዚህ ግን የጃንጎ ዶክመንቴሽን ከኮዱ እኩል ተቀይሯል፣ ማስጠንቀቂያውም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ተቸገረ። የቱ ጋ እንደሰራና የቱ ጋ እንደላላ ለይቶ ማየት ሶፍትዌር ለሚሰራ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የተቀየረው ነገር

ጃንጎ ዳታቤዝ ውስጥ አንድን ነገር ከሌላ ነገር ጋር ለማያያዝ ፎሪን ኪ የሚባል ነገር አለው። ለምሳሌ የአንድ ክሊኒክ ሲስተም እየሰራን ነው እንበል። እያንዳንዱ የታካሚ ምርመራ ከመረመረው ሐኪም ጋር ይያያዛል። አሁን ሐኪሙ ሥራ ለቀቀና አንዱ ሠራተኛ መዝገቡን ከሲስተሙ ሰረዘው። እሱ የመረመራቸው ታካሚዎች መረጃ ምን ይሁን?

ምርጫው ብዙ ነው። አብሮ ይጥፋ ማለት ይቻላል፤ ይህ ካስኬድ ይባላል። ምርመራዎቹ እስካሉ ድረስ ሐኪሙን መሰረዝ ይከልከል ማለትም ይቻላል፤ ይህ ፕሮቴክት ነው። ምርመራው ይቆይ፣ የሐኪሙ ቦታ ባዶ ይሁን ማለትም ይቻላል። እስከ 2011 ድረስ ጃንጎ ይህን ምርጫ አይሰጥም ነበር፤ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል። በዚያ ዓመት የወጣው 1.3 ኦን ዲሊት የሚባለውን አርጊውመንት አመጣና ምርጫውን ለፕሮግራመሩ ሰጠ። ግን ዝም ላለ ሰው አሮጌው ልማድ ቀጠለ። ምንም ካልጻፍክ ካስኬድ ነው።

አደጋው ይህ ዝምታ ነው። የክሊኒኩን ሲስተም የሰራው ልጅ ኦን ዲሊት የሚባል ነገር መኖሩን ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው አንድ ሰው ሐኪሙን ሰርዞ የብዙ ታካሚ መረጃ አብሮ የጠፋ ዕለት ነው። ስለዚህ የጃንጎ ሰዎች አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ካስኬድን መምረጥ ይቻላል፣ ግን ከእንግዲህ በጽሑፍ መምረጥ ግዴታ ነው። የለውጡ ዓላማ ሰዎች ስለዚህ ተከታታይ መሰረዝ እንዲያውቁ ማድረግ እንደሆነ የ1.9 የልቀት ማስታወሻ (ከአዲስ ቨርዥን ጋር የሚወጣው የለውጦች ዝርዝር) በግልጽ ይናገራል።

ይህ በአንድ ጀንበር ቢደረግ በዓለም ላይ ያለ የጃንጎ ፕሮጀክት አብዛኛው ይሰበር ነበር። ስለዚህ ጊዜ ተሰጠው። ማስጠንቀቂያው በ1.9 ተጀመረ፤ ያ የወጣው በ2015 ዲሴምበር ነው። 1.10 በ2016 ኦገስት፣ 1.11 በ2017 ኤፕሪል ተከተሉ። ግዴታው የጸናው በ2.0 ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ዓይነት አሠራር ነው።

ኮዱና ሰነዱ አንድ ላይ

የጃንጎ ዶክመንቴሽን ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ይኖራል። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙው ነገር የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሰርቶ ሲያቀርብ ኮዱን ብቻ ይዞ ቢመጣ አያልፍም። የሥራ መዝገቡ ላይ ቴስት እንደጎደለ የሚያመለክት ምልክት እንዳለ ሁሉ ሰነድ እንደጎደለ የሚያመለክትም አለ። ያ ምልክት እስካልተነሳ ሥራው አልተጠናቀቀም።

ጃንጎ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ዌብሳይት ክፍል ውስጥ በ2003 ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ለጽሑፍ ያላቸውን ክብር ከዚያ እንዳመጡት ራሳቸው የአጻጻፍ መመሪያቸው ላይ ይናገራሉ፤ ሰነዱንም እንደ ኮድ እንደሚያዩት ይጽፋሉ። እኔ አባባሉን የማምነው በአሠራሩ ስለማየው ነው።

የኦን ዲሊት ለውጥ ሲገባ ምን ምን እንደነካ እንይ። ኮዱ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ገባ። ስለ ፎሪን ኪ የሚያስረዳው የማጣቀሻ ገጽ ተቀየረ። የ1.9 የልቀት ማስታወሻ ላይ ተጻፈ። ወደፊት የሚወገዱ ነገሮች የሚመዘገቡበት ገጽ ላይ በ2.0 ተራ ገባ። ከዚያ ደግሞ ፎሪን ኪ የሚታይባቸው ምሳሌዎች ነበሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት የምርጫ መጠይቅ ቱቶሪያል አለ፤ እዚያ ውስጥ አማራጭ መልሶች ከጥያቄ ጋር የሚያያዙት በፎሪን ኪ ነው። በ1.8 ቱቶሪያል መስመሩ የጥያቄውን ክላስ ስም ብቻ ይዞ ያልቃል። በ1.9 ቱቶሪያል ግን ካስኬድ በግልጽ ተጽፎበታል።

ይህን ልብ በሉ። በ1.9 ላይ ኦን ዲሊት ገና ግዴታ አልነበረም። አሮጌው ምሳሌ ያለችግር ይሰራ ነበር። ቢሆንም ምሳሌውን ቀየሩት። ሰነዱ ዛሬ የሚሰራውን ብቻ ሳይሆን ነገም የሚሰራውን አስተማረ። ከ1.9 ኦፊሴላዊ ቱቶሪያል የተማረ ሰው ያንን መስመር 2.0 ላይ ቢያስኬደው በኦን ዲሊት ምክንያት አይሰበርበትም።

የማጣቀሻ ገጹ ደግሞ የአንድን ዓረፍተ ነገር ሕይወት ያሳያል። በ1.8 ፎሪን ኪ አንድ አርጊውመንት የግድ ያስፈልገዋል ይላል፤ የሚያያዝበትን ክላስ። በ1.9 ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ማስታወሻ ተጨመረ፦ ኦን ዲሊት አሁን በሁለተኛ ቦታ ሊሰጥ ይችላል፣ በ2.0 ግዴታ ይሆናል። በ2.0 ማስታወሻው የለም። ዋናው ዓረፍተ ነገር ራሱ ተቀይሮ ሁለት አርጊውመንት ያስፈልጋል ይላል፣ ክላሱና ኦን ዲሊት። ገጹ ስለ ትላንት ማውራት አቁሟል።

የድሮ ማስታወሻ መሰረዝ

ሰነዱ ውስጥ «በዚህ ቨርዥን የተጨመረ»፣ «በዚህ ቨርዥን የተቀየረ» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ጃንጎ ከ1.0 ጀምሮ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ስፊንክስ በሚባል መሣሪያ ነው፣ እነዚህን ምልክቶች በተለየ መልክ የሚያሳየውም እሱ ነው። አዲስ ቨርዥን ሲቃረብ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ የዘመኑን ማስታወሻ መጻፍ ሳይሆን ከሁለት ልቀት በፊት የነበረውን ማጥፋት ነው። 4.2 ሲዘጋጅ የ4.0 ምልክቶች ይነሳሉ። ይህ በልቀት መመሪያቸው ላይ የተጻፈ ቋሚ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ይህን አይወድም። «ማስታወሻው ቢቆይ ምን ይጎዳል? በኋላ የሚፈልገው ሰው ቢኖርስ?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን የዐሥር ዓመት ማስታወሻ የተሸከመ ገጽ ምን እንደሚመስል አስቡ። ዋናው ማብራሪያ በሁለት መስመር ያልቃል፣ ከሥሩ ስምንት «በዚህ ጊዜ እንዲህ ነበር» ይከተላል። አንባቢው የትኛው እሱን እንደሚመለከት መለየት ሥራ ይሆንበታል። ያረጀ ማስታወሻ ሐሰት ባይሆንም እውነቱን ይሸፍናል።

የጃንጎ ሰዎች ደፍረው መሰረዝ የቻሉት አሮጌው ገጽ ስለማይጠፋ ነው። እያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ ሰነድ አለው፣ አድራሻው ላይም የቨርዥኑ ቁጥር አለ። የ1.8 ሰው የ1.8ን ገጽ ያነባል። የለውጡን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የልቀት ማስታወሻዎቹን ያነባል፤ እነሱ አይሰረዙም። ታሪክ በአንድ ቦታ፣ የዛሬ መመሪያ በሌላ ቦታ። እንዲህ ተለይቶ የተቀመጠ ነገር ስለሌላቸው ነው ብዙ ቡድኖች ምንም መሰረዝ የሚፈሩት።

የመጨረሻው ልቀት ሰነድ ላይ ስህተት ሲገኝስ? ለኮድ ሲሆን የወጣ ቨርዥን ላይ የሚመለሰው ጥገና ጥቂት ነው፣ ደኅንነትንና ከባድ ችግርን ይመለከታል። ለሰነድ ግን በሩ ሰፋ ያለ ነው። ዋናው ቅርንጫፍ (ቀጣዩ ቨርዥን የሚሠራበት የኮዱ ቅጂ) ላይ የታረመ ጽሑፍ ወደ መጨረሻው ልቀት ቅርንጫፍም ይገለበጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በብዛት የሚያነበው እሱን ነው። የሰነድ እርማት ደግሞ የማንንም ፕሮግራም አይሰብርም።

የላላው የቱ ጋ ነው

መጀመሪያ ማይግሬሽን። ጃንጎ የዳታቤዝ ለውጦችን የሚመዘግብባቸው ማይግሬሽን የሚባሉ ፋይሎች አሉ። ፋይሎቹን የሚጽፋቸው ጃንጎ ራሱ ነው፣ ፕሮግራመሩ ብዙ ጊዜ ከፍቶ አያያቸውም። እነዚህ ፋይሎች ውስጥም ፎሪን ኪ አለ። በጥንት ቨርዥን የተጻፈ ማይግሬሽን ኦን ዲሊት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሞዴሎቹን (ዳታቤዙን የሚገልጹትን ክላሶች) በሙሉ አስተካክሎ ሲጨርስ ያው ኤረር እንደገና ይመጣበታል። ሞዴሎቹን ደጋግሞ ቢያይ ሁሉም ልክ ናቸው። ችግሩ ከዓመታት በፊት የተፈጠረ የመጀመሪያው የማይግሬሽን ፋይል ውስጥ ነው።

የ1.9 ማስታወሻ ይህን ተናግሯል፤ ሞዴሎችንና ያሉትን ማይግሬሽኖች አስተካክሉ ይላል። የ2.0 ማስታወሻም ይደግመዋል፣ የሚታረመው ፋይል እንዲያንስ ማይግሬሽኖቹን ማጠቃለልን ይመክራል። ግን ይህ የአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ነው። ለኔ እዚህ ላይ ሰነዱ ስስ ነበር። ሰው የሚሰናከልበትን ቦታ አስቀድመህ ካወቅክ ምሳሌ ይገባዋል፤ ይህኛው ፋይል፣ ይህኛው መስመር፣ እንዲህ ይቀየራል ብሎ ማሳየት። ትክክል መሆንና በቂ መሆን ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ማስጠንቀቂያው ራሱ በጣም ጥሩ ነበር። ኦን ዲሊት በ2.0 ግዴታ እንደሚሆን ይናገራል፤ የአሁኑን ባሕርይ ማቆየት ከፈለግክ ሞዴሎችና ያሉ ማይግሬሽኖች ላይ ካስኬድ አድርገው ይላል። ችግሩም መድኃኒቱም በአንድ መስመር። ነገር ግን ከ1.11 ጀምሮ ጃንጎ እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ካልተጠየቀ እንዳያሳይ ተደረገ። ያለ ምክንያት አልነበረም። የፓይተን የራሱ ልማድ ይኸው ነው፤ 1.8ንም 1.11ንም በአንድ ጊዜ የሚደግፉ ተጨማሪ ፓኬጆችን የሚሠሩ ሰዎችም እፎይ አሉ።

ግን የአንድ ተራ ድርጅትን መንገድ እንከተል። 1.8 ረጅም ድጋፍ ያለው ቨርዥን ነው። 1.11ም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚወድ ድርጅት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ መሐል ያሉትን አይነካም። 1.8 ላይ ማስጠንቀቂያው ገና አልተወለደም። 1.11 ላይ አለ፣ ግን ዝም ብሏል። ቀጥሎ 2.0 ይመጣል፣ ሲስተሙ አይነሳም። ሁለት ዓመት የተነገረው ማስጠንቀቂያ እዚያ ቤት አንድም ጊዜ አልተሰማም። የማሻሻያ መመሪያው ቴስቶቹን ማስጠንቀቂያ ከፍቶ ማስኬድ እንደሚገባ ይናገራል። እሱን ያነበበ ሰው ተርፏል።

ሦስተኛው ከጃንጎ እጅ ውጪ ያለው ዓለም ነው። የቨርዥን ቁጥር ሳይጠቅስ ጃንጎን የሚጭን ሰው የሚደርሰው ለፓይተኑ የሚስማማው የመጨረሻው ነው። የሚከተለው ቱቶሪያል ግን በተጻፈበት ቀን ቆሟል። የዩቲዩብ ቪዲዮ ከተቀረጸ በኋላ አይታረምም። የሰው ብሎግም ባለቤቱ ካልተመለሰበት ያው ነው።

ይህ እኛ ጋ በደንብ ይታወቃል። ኮዲንግ የሚማሩ ልጆች ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍና ቪዲዮ ይቀባበላሉ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ፣ ዳታ ሲወደድ ሌላ አማራጭ የለም፤ ደግሞም ብዙ ሰው የተማረው እንዲህ ነው። ችግሩ የፋይሉ ስም ብዙ ጊዜ «ጃንጎ ሙሉ ኮርስ» ይላል እንጂ የትኛው ጃንጎ እንደሆነ አይናገርም። የጃንጎን ሰነድ ከኦፊሴላዊው ገጽ በፒዲኤፍ ወይም በኢፐብ ማውረድ እንደሚቻል ብዙዎች አያውቁም። ያ ቅጂ የቨርዥኑን ቁጥር ሽፋኑ ላይ ይዞ ይመጣል። ከመስመር ውጪ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቅጂው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ያንኑ ቨርዥን መጫን ነው። ለትምህርት የቆየ ቨርዥን መጫን አያሳፍርም፤ ለእውነተኛ አገልግሎት ግን ድጋፉ ባለቀ ቨርዥን መሥራት አደገኛ ነው።

ኦፊሴላዊው ሰነድ በበኩሉ አንባቢው የት እንደቆመ ደጋግሞ ይነግረዋል። ቱቶሪያሉ መጀመሪያ ላይ ለየትኛው ጃንጎና ለየትኛው ፓይተን እንደተጻፈ ይናገራል፣ የጫንከውን ቨርዥን የምታይበትን ትእዛዝ ይሰጣል፣ ካልተዛመደ የቨርዥን መቀየሪያውን ተጠቀም ይላል። መቀየሪያው ገጹ ከታች በቀኝ በኩል አለ። ድጋፉ ያለቀ ቨርዥን ገጽ ስትከፍት ከላይ ሰነዱ ደኅንነቱ የማይጠበቅ ቨርዥን ሰነድ እንደሆነና ማሻሻል እንዳለብህ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይመጣል። ገና ያልተለቀቀውን ስትከፍትም ሌላ ማሳሰቢያ አለ። ጎግል ወደ አሮጌ ገጽ ቢወስድህ እንኳ ገጹ ራሱ ይነግርሃል።

ትንሽ ቡድን ምን ይወስዳል

«ጃንጎ ትልቅ ነው፣ እኛ ሦስት ሰዎች ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ከላይ ካየነው ዋና ዋናው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰነዱን ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ ማኖር ነጻ ነው። ኮድ የሚገመግም ሰው «ሰነዱስ?» ብሎ መጠየቁ ነጻ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቨርዥን መጻፍም ነጻ ነው። ለባንክ ወይም ለሆስፒታል ሲስተም ሰርቶ የተጠቃሚ መመሪያውን በወርድ ፋይል የሚያስረክብ ቡድን ሽፋኑ ላይ የቨርዥን ቁጥር ቢያስገባ ብቻ ከብዙ የስልክ ጥሪ ይድናል።

አውቶማቲክ ፍተሻን በተመለከተ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ጃንጎ ሰነዱ ሲዘጋጅ የተሰበረ ማጣቀሻ ካለ ይይዛል፣ የፊደል ግድፈት ይፈትሻል፣ የምሳሌ ኮዶችን አቀማመጥ ያስተካክላል። እነዚህ ጥሩ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆኑን ግን አይነግሩህም። «አንድ አርጊውመንት ያስፈልጋል» የሚለው በ2.0 ላይ ሳይታረም ቢቀር አንዱም ፍተሻ አይጮህም ነበር። የያዘው ለውጡን የጻፈው ሰውና የገመገመው ሰው ነው፣ ሁለቱም ኮዱንና ሰነዱን ጎን ለጎን ስላዩ። ሰነድ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው፣ ከልቀቱ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲጻፍ የሚጠፋው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ተሻሽሎ ማየት እፈልግ ነበር፤ እሱም ኤረሩ ነው። ማስጠንቀቂያው በነበረበት ጊዜ ምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለብህ ይነግርሃል። 2.0 ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ከኮዱ ወጣ፣ በቦታው የቀረው ተራው የፓይተን መልእክት ነው፤ አርጊውመንት ጎድሏል፣ አለቀ። ከ1.9 ጀምሮ የተጻፈው ማብራሪያ ሁሉ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከሰውየው ዓይን ራቀ። በኋላም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የዌብሳይቱን አድራሻዎች ከኮዱ ጋር የሚያያይዘው ዩአርኤል የሚባለው ፈንክሽን በ3.1 ማስጠንቀቂያ ተጀምሮበት በ4.0 ሲወገድ የአሮጌ ቱቶሪያል ተከታዮች ያዩት ስሙን ማስመጣት አልተቻለም የሚል ኤረር ብቻ ነው። አንድ ነገር ከተወገደ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ቨርዥን «ይህ ተወግዷል፣ በዚህ ተኩት» የሚል መልእክት ቦታውን ቢይዝ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ኦፊሴላዊውን ሰነድ ከፍቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ኤረሩን ያነባል።